መንገደኛና ነዋሪ በአራዳ

መርከብ ሊሳፈር የመጣ ሰው፣ መርከቡ እስኪነሣ ድረስ የወደቡን ከተማ ዞር ዞር ብሎ ያያል። ቬኒስም ሞምባሳም ዛንዚባርም ይህን እንግዳ ለይተው ያውቁታል፤ ጠዋት ይመጣል፣ ሲመሽ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም እንግዳው አልቀረባትም። ዛሬ ወደቧ ቦሌ ነው። ከሌጎስ ወደ ጓንዡ፣ ከዋሽንግተን ወደ ጆሃንስበርግ ሲሻገር አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር መንገደኛ በሁለት በረራ መካከል ግማሽ ቀን ከተረፈው ወደ ፒያሳ ይወጣል። ጊዮርጊስን ያያል፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ፊት ፎቶ ይነሣል፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ይገባል፣ ቶሞካ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ይህ ሰው ምን አየ? ምንም አላየም የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ነገሩ ከሥሩ መታየት አለበት ባይ ነኝ። ዛሬ ፒያሳ የምንለው አራዳ ከጥንቱም በመንገደኛ የቆመ ሰፈር ነው፤ ትልቁ ሙያውም ለጥቂት ቀን የመጣውን ሰው እዚያው ማስቀረት ነበር። ስለዚህ ግማሽ ቀን ያለው ጎብኚ ሊያየው የሚችለው፣ ማየትም የሚገባው ዋና ነገር አንድ ነው፦ በዚህ ከተማ ውስጥ እቀራለሁ ለሚል ሰው በሩ ክፍት መሆኑንና አለመሆኑን። ይህ ደግሞ የባዕዱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከጎጃም፣ ከወለጋ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ለሚደርሰውም በሩ ያው ነው።

አዲስ አበባ ራሷ ሥር ለመስደድ ታስባ የተተከለች ከተማ አልነበረችም። የሸዋው መናገሻ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ሲወርድ፣ ሰፈር ነቅሎ ሰፈር መትከል የቤተ መንግሥቱ ልማድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ያሏት በ1879 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ጫካ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ግድም ወደ ምዕራብ ፊታቸውን አዙረው አዲስ ዓለምን መቆርቆር ጀመሩ። ቤተ መንግሥቱም ሥራው ተጀምሮ ነበር፤ ግን መናገሻው ሳይዛወር ቀረ። የቀረበትን ምክንያት የታሪክ ጸሐፊዎች ሲያስረዱ ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ የእንጨቱን ችግር ማቃለሉ ነው። ሁለተኛው፣ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችና ነጋዴዎች፣ ከመኳንንቱም ብዙዎቹ፣ ገንዘባቸውን አፍስሰው ቤት ስለ ሠሩ ያንን ጥለው መሄድ አለመውደዳቸው ነው። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት ታስቦ የነበረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለ ባሕር ዛፉ ብዙ ተብሏል፤ ሁለተኛው ምክንያት የሚገባውን ያህል የታሰበበት አይመስለኝም። ለጊዜው ብለው ያረፉ ሰዎች ግድግዳ ሲያቆሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከጉዟቸው ተገቱ ማለት ነው። የዋና ከተማችን መጽናት ለመሄድ ተዘጋጅተው በቀሩ ሰዎች የተወሰነ ነገር ነበር።

አራዳ የዚህ ታሪክ እምብርት ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ቅፍለት የሚቀበል፣ በተለይ ቅዳሜ ቀን ሰው እንደ ጉድ የሚፈስበት ነበር። የገበያው ሹም የነጋድራሱ ሥልጣን፣ ቀረጡ፣ ሚዛኑ፣ ዳኝነቱ ሁሉ በገበያው ዙሪያ ተሰባሰበ። ገበያተኛ በባሕርዩ አዳሪ እንጂ ነዋሪ አይደለም፤ ሸጦ ወደ መጣበት ይመለሳል። ነገር ግን አንዱ ዕቃው ሳያልቅለት አንድ ሳምንት ይሰነብታል፤ ሌላው በቅሎው ታምማበት ክረምቱን ያሳልፋል፤ ሦስተኛው ምግብ የምታቀርብለትን ሴት አግብቶ ይቀራል። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው እቴጌ ሆቴል ይህንኑ የመንገደኛ ጉዳይ በዘመናዊ መልክ ያቋቋመ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆቴል ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ወጥቶ ገበያው ባለበት መከፈቱ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ እንግዳው የነበረው እዚያ ነውና። የባቡሩ ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የመንገደኛው ቁጥር ጨመረ። ባቡሩ በመጀመሪያው ዘመን ሌሊት አይጓዝም ነበርና ከጅቡቲ የተነሣ ሰው ድሬዳዋ አድሮ፣ አዋሽ አድሮ፣ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። በ1922 ዓ.ም. የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ሲመረቅ ከተማዋ መግቢያዋን አገኘች፤ ከዚያ ሽቅብ ያለው መንገድ ደግሞ መንገደኛውን አራዳ ያደርሰዋል። ባሕር ሳይኖር የወደብ ከተማ የመሆን ነገር የተጀመረው ከአውሮፕላኑ በፊት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከእነዚህ መንገደኞች ስንቶቹ እንደ ቀሩ ፒያሳ ራሷ ትናገራለች። የአርመን አንጥረኞችና ጫማ ሰፊዎች፣ የግሪክ ባለሱቆችና ዳቦ ጋጋሪዎች፣ የመሐመድ አሊን ስም በሕንፃ ላይ ያስቀሩት የሕንድ ነጋዴዎች፣ በየማዕዘኑ አረብ ቤት የከፈቱት የመኖች ሁሉ ያለፉበትን መንገድ ሠፈሩበት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ ስደተኞች ነበሩ፤ የነሐስ መሣሪያቸው የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ጣለ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የአገሪቱን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ስለ ባዕዳኑ ብቻ ማውራት ግን ታሪኩን ማጉደል ይሆናል። ከጊዜ በኋላ ሱቆቹን አንድ በአንድ የተረከበው ከጉራጌ አገር በእግሩ የመጣው ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ተሸካሚ፣ ቀጥሎ ሱቅ ጠባቂ፣ ቀጥሎ ባለሱቅ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ማኅበር ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ አዝማሪዎችን አሰባሰበ፤ ወሊሶ ያደገው ጥላሁን ገሠሠም መድረኩን ያገኘው ከዚያ ነው። ሁሉም አንድ ቀን ለአራዳ እንግዳ ነበሩ።

እንዴት ቀሩ ቢባል፣ በደግነት ብቻ አልቀሩም። ከተማ ሰው የሚያስቀረው በቤት አሠራሩ ነው። የድሮውን የፒያሳ ቤት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ምድር ቤቱ ድንጋይ ነው፤ በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል፤ ሱቅ ነው። ፎቁ እንጨት ነው፤ ባለሱቁ ይኖርበታል፤ ሰገነቱ ወደ መንገድ ወጣ ብሎ ከዝናብ የሚሸሽ አላፊ አግዳሚን ያስጠልላል። ከጎን ባለው በር ወደ ጓሮ ሲገባ ደግሞ የሚከራዩ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ሰዓት ጠጋኝ፣ አንዷ ጠጅ ጣይ፣ አንዱ ገና ሥራ የሚፈልግ። የወርቅ ቤቱም እንዲሁ ነው። ከፊት ለፊት መስተዋትና መብራት አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን ክንድ በማያዘረጋ ቦታ አንጥረኛው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ በቀጭን ነበልባል የቀለበት ስንጥቅ ይበይዳል፤ በሞረድ የሚረግፈው የወርቅ ብናኝ እንዳይባክን ከጉልበቱ በላይ መሳቢያ ተስቦ ይጠብቀዋል። ለዚህ ሥራ ሰፊ አዳራሽ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰው ከሚበዛበት መንገድ የማይርቅ፣ ኪራዩ የጀማሪን ኪስ የማይቀድድ፣ ጠባብ ክፍል ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ወደ ከተማ የሚገባው በዚህ ዐይነቱ ክፍል በኩል ነው፤ በጊዮርጊስ ጉልላት ወይም በማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ግንብ በኩል የገባ የለም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። አላፊው ጎብኚ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል? የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን መሆኑን ያያል እንጂ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ እንደ ተሠራ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ እንደ ጫኑበት፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጣልያኖች እንዳቃጠሉት ማን ይነግረዋል? አስጎብኚው ቢነግረውስ እስከ ማታ ያስታውሰዋል? ተቃውሞው በታሪክ ረገድ እውነት ነው፤ ታሪክ ጊዜና ንባብ ይፈልጋል። በግማሽ ቀን የሚታወቅ ሌላ ነገር ግን አለ፤ እርሱም አንድ ቦታ በሥራ ላይ መሆኑና አለመሆኑ ነው። ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና የሚቆላበት ቤት ነው፤ ደንበኛው ቆሞ ነው የሚጠጣው። ወንበር ለሚቆይ ሰው ነው፤ ያ ቤት ግን የተሠራው ለሚሄድ ሰው ነው። ሆኖም ከፍ ባሉት ጠረጴዛዎች ዙሪያ የቆመው ሰው በአብዛኛው በየቀኑ የሚመላለስ ነው፤ ጋዜጣ ያነባል፣ ይከራከራል፣ ቀጠሮ ይይዛል። ባዕዱ ጎብኚ ሲኒውን ይዞ ከአጠገቡ ሲቆም ማንም ማን ነህ አይለውም፤ ቦታ ይለቁለታል። ይህን ለማየት የታሪክ መጽሐፍ አያስፈልግም። ሰው የሚሠራበትንና የሚገናኝበትን ቦታ ለዕይታ ብቻ ከተቀባ ቦታ መለየት ማንም ዐይን ያለው ሰው በአንድ ሰዓት የሚችለው ነገር ነው፤ እንዲያውም ነዋሪው ስለ ለመደው የማያስተውለውን እንግዳው ቶሎ ያስተውላል። የእንግዳ ዐይን ደካማነቱ በትናንት ላይ ነው፤ በዛሬ ላይ ግን ጥሩ ምስክር ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ፒያሳ፣ ስሟን ጨምሮ፣ የባዕድ ሥራ ናት፤ መንገዷን ያስተካከለው፣ ሲኒማዋን የሠራው ወራሪ ነው፤ ታዲያ ይህን የኛ ቅርስ ብሎ መሟገት ለምን? መልሱ በሁለት ዐይነት መጪዎች መካከል ካለው ልዩነት ይጀምራል። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ የመጡት መሳፍንትና ጋዜጠኞች እንግዶች ነበሩ። የምኒልክ ሐውልት በዋዜማው ተመረቀ፤ መንገዶች ተስተካከሉ፤ በዚያ ሰሞን እዚህ የነበሩ የውጭ ጸሐፊዎች እንደ መሰከሩት በእንግዶቹ መተላለፊያ ዳር ያሉ ጎጆዎች እንዳይታዩ አጥር ቆመ። በዚያ አጥር አላፍርበትም፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ማስተካከል የአገሩ ወግ ነው። አጥሩ ግን ከኋላው ያለውን ሰው አላስነሣም፤ በዓሉ ሲያልቅ ሰውየው ጎጆው ውስጥ ነበር። ፋሺስቶች በመጡ ጊዜ የሆነው ሌላ ነው። የምኒልክን ሐውልት ነቀሉ፤ ከተማይቱን ለነጭ አንድ ወገን ለጥቁር ሌላ ወገን ብለው በዕቅድ ቆረጧት፤ የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ ሥር አንሥተው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ወሰዱት። ፒያሳ የተባለችው አራዳ ገበያተኛው የተባረረባት፣ ለሚታዩና ለሚገዙ ብቻ የተጠረገች አራዳ እንድትሆን ነበር የታሰበው። ያ ሐሳብ ከአምስት ዓመት በላይ አልቆየም። ከነፃነት በኋላ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሰውም ተመለሰ። ጣልያን ለራሱ ያሰናዳቸውን ሱቆች፣ ቡና ቤቶችና ሲኒማዎች የአራዳ ሰው ወርሶ ለራሱ አደረጋቸው። ኬኩንም ማኪያቶውንም አገሬው የራሱ አደረገ። ስለዚህ ለፒያሳ ስንሟገት ለወራሪው ዕቅድ አንሟገትም፤ ዕቅዱን ላከሸፈው ኑሮ ነው የምንሟገተው።

ሦስተኛውንና ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ ነውር ይሆናል። ያ የምታመሰግነው ጠባብ ክፍል መጸዳጃ አልነበረውም ይባላል። ዐሥር ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ ይሰለፍ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስስ ነበር፤ እሳት ቢነሣ መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም። እንደ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈርና ዶሮ ማነቂያ ያሉትን የአራዳ መንደሮች ከውጭ ሆኖ ማሞገስ ለማይኖርበት ሰው ቀላል ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ድህነትን ውበት ብሎ መጥራትም በደል ነው። ነገር ግን መበስበሱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ አለበት። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ተከራዩ ከባለቤቱ ጫና ነፃ ወጣ፤ ኪራዩ ወረደ፤ ለብዙ ሺህ ድኃ ሰው መኖሪያ ዋስትና ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአራዳም ነዋሪዋን አስቀርቶላታል። በሌላ በኩል ኪራዩ የቤቱን ጥገና የማይሸፍን ሆነ፤ ባለቤት የሆነው ቀበሌ የሚያድስበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ቤት በራሱ ገንዘብ ለማደስ ምክንያት አልነበረውም። እንጨቱ ከቀለም፣ ቆርቆሮው ከለውጥ ርቆ ከዐርባ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ግድግዳው የፈረሰው በሰው ብዛት ወይም በክፍሉ ጥበት አይደለም፤ የሚያድሰው አካል ስለ ታጣ ነው። ለዚህ ማስረጃው ራሱ እቴጌ ሆቴል ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ከበላው በኋላ ታድሶ ተከፍቷል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእንጨት ቤት የሚጠግነው ሲያገኝ እንግዳ መቀበሉን ይቀጥላል። መጸዳጃ ማስገባት፣ ቧንቧ መዘርጋት፣ የእሳት መኪና መግቢያ መክፈት ለመሐንዲስ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ጠባብ ክፍልን ከነሥራው አስቀርቶ ቆሻሻውን ማስወገድ ይቻላል። እነዚህ ሁለቱ አብረው የሚጠፉ የሚመስሉን አንዱን ከሌላው ለይተን ስላልሞከርነው ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። የተገኘውን መካድ አይገባም። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ሌሊቱ በርቷል፣ ጎብኚው ሳይደናቀፍ ይሄዳል፣ ወደ ዳርቻው ከተዛወሩትም የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ። በዚያው ዓመት የካቲት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ከምኒልክ ሐውልት ፊት ለፊት፣ የአገሪቱ መንገዶች ርቀት ከሚለካበት ከዜሮ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ለመንገደኛው ትልቁን ታሪካችንን በአንድ ግቢ ያሳየዋል፤ ለዓድዋ እንዲህ ያለ ቦታ መሠራቱ ከመዘግየቱ በቀር የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከመታሰቢያው ወጥቶ ሽቅብ ቁልቁል የሚለው ሰው አሁን ምን ያያል? ሣር፣ መብራት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ንጹሕ አስፋልት። ለማለፍ የተመቸ ቦታ ነው። ለመቅረት ግን የት ይገባል? ልብስ ሰፊው፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ሥራ ፈላጊው ልጅ የነበሩበት ጓሮ የለም። ለአትክልት ተራም ይኸው ደርሶበታል፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ወደ ጃንሜዳ ተወስዶ በኋላ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ፣ ከአራዳ የመጨረሻው ትልቅ የገበያተኛ መናኸሪያ አብሮ ሄደ። ጭነት መኪና መሐል ከተማ መግባቱ ችግር እንደ ነበር ይገባኛል። ነገር ግን ከገጠር የመጣ ልጅ የመጀመሪያ ቀኑን ምሳ የሚያገኝበት፣ ቅርጫት ተሸክሞ ሥራ የሚጀምርበት ቦታ ከመሐል ወጣ። ባዕዱ ጎብኚ ይህን ታሪክ ባያውቅም ውጤቱን ያየዋል፤ ሰው የሚያልፍበት እንጂ ሰው የሚሠራበት መንገድ እንዳልሆነ ዐይኑ ይነግረዋል።

ለአላፊ ብቻ የሆነ ከተማ የት እንደሚደርስ ቬኒስ ታሳያለች። በአሮጌው የቬኒስ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175,000 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። ሕንፃው ሁሉ ቆሟል፤ የፈረሰ ቤት የለም ማለት ይቻላል። የሌለው ጫማ ሰፊው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ልጅ አሳዳጊው ነው፤ ቤታቸው ለጎብኚ ማደሪያ ሆነ። ከተማዋ ትልልቆቹን መርከቦች ከመሐል መተላለፊያዋ ያገደችው በ2021 ነው፤ በ2024 ደግሞ በተመረጡ ቀናት በሚመጣ ጎብኚ ላይ አምስት ዩሮ ጣለች። የሚያስደንቀው ክፍያው ከማን ላይ እንደማይወሰድ ነው። በከተማዋ ውስጥ የሚያድር እንግዳ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ውሎ የሚሄደው ነው። ቬኒስ በጭንቋ ጊዜ ያረፈችበት መለያ አራዳ በገበያዋ ዘመን ስታውቀው የነበረው ነው፤ አድሮ የሚሄድ ሰው ነገ ሊቀር ይችላል፤ ውሎ የሚሄድ ሰው ግን ከተማዋን እንደ ሥዕል አይቷት ያልፋል። የእኛ አደጋ ከቬኒስ ይለያል፤ እዚያ ሕንፃው ቀርቶ ሰው ሄደ፣ እኛ ዘንድ ሕንፃውም ሰውም በአንድ ዓመት ሄዱ። ለእኛ የሚጠቅመው ልዩነት ደግሞ አለ። ቬኒስ ወጣት የሚጎርፍባት ከተማ አይደለችም፤ አዲስ አበባ ግን ዛሬም በየቀኑ ሰው የሚገባባት ናት፤ ለመቅረት የሚፈልግ አላጣችም፤ ያጣችው የሚቀርበትን ክፍል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው መከራከሪያ የገንዘብ ነው። የመሐል ከተማ መሬት ውድ ነው፤ ካሬ ሜትሩ ብዙ የሚያወጣ ቦታ ላይ ለሰዓት ጠጋኝ ክፍል መተው ኪሣራ ነው ይባላል። በወረቀት ሲሰላ እውነት ነው። ስሌቱ የሚረሳው ግን ውዱን መሬት ውድ ያደረገው ማን እንደ ሆነ ነው። የአራዳ መሬት የተወደደው ሰው ስለ ተሰበሰበበት ነው፤ ሰውን የሰበሰበው ደግሞ ርካሹ ሱቅ፣ ርካሹ ምሳ፣ ርካሹ መኝታ ነው። ያንን ነቅሎ ዋጋው እንዳለ ይቀጥላል ብሎ ማሰብ፣ ከዛፍ ሥሩን ቆርጦ ፍሬውን እንደ መጠበቅ ነው። መንግሥት ለቱሪዝም ብሎ የሚያወጣው ገንዘብ ፍሬ የሚሰጠውም በዚሁ መንገድ ነው። በቦሌ የሚያልፈው መንገደኛ ሰፊ መንገድና መብራት በዱባይም፣ በኢስታንቡልም፣ በዶሃም አይቷል፤ እነዚያ ከእኛ ጋር ለአንድ መንገደኛ የሚፎካከሩ ናቸው፤ በዚያ በኩል አንቀድማቸውም። እኛ ዘንድ ብቻ ሊያገኝ የሚችለው የአራዳን ሰው በሥራው ላይ ነው።

የፈረሰው ፈርሷል፤ የሚሠራው ግን ገና ብዙ ነው። ባዶ በቆሙት ቦታዎች ላይ የሚነሡት ሕንፃዎች ምድር ቤታቸው ሁሉ ለባንክና ለትልልቅ መደብር እንዳይሆን፣ በየመንገዱ ጥቂት ጠባብ ክፍል በአነስተኛ ኪራይ ለእጅ ሥራ ሰው እንዲያዝ፣ ከጀርባም መጸዳጃና ውሃ ያለው መኖሪያ ለሠራተኛው እንዲከተል፣ ከዚህ የተነሣውም ነዋሪ መመለስ ቢፈልግ ቅድሚያ እንዲኖረው፣ ከተማ አስተዳደሩ በኪራይ ውሉና በግንባታ ፈቃዱ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ሥልጣኑም መሬቱም በእጁ ነው፤ ከ1967 ጀምሮ በእጁ ነበር። ከቆሙት ጥቂት ሱቆች ውስጥም ዛሬ አንጥረኛው ሥራ ላይ ነው፤ ልጆች ከጎኑ ተቀምጠው ሙያውን እየለመዱ ነው። ከእነርሱ መካከል ነገ የራሱን ጠረጴዛ መዘርጋት የሚፈልግ ልጅ በሚከፍለው ዋጋ፣ ከጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ክፍል ማግኘት አለበት።